ድምፅዋ የተቀነሰ ጠመንጃ

ባለፈው ሑዳዴ ከደብራችን እናቶች ጋር ጧፍ ስናዘጋጅ ሰሙ ገነፈለና ምድጃው ዳር በነበረ፣ ሞራ በነካው የብረት ቁራጭ ላይ ፈሰሰ። ጭሱ ሲነሣ እጄ ክሩን እንደያዘ ቀረ። የጋለ ብረት፣ ሰምና ትንሽ ሞራ አንድ ላይ ሲሸቱ ለሌሎቹ ምንም አልነበረም። እኔን ግን ነገሌ ወሰደኝ፤ አባ ጂሎ ግቢ፣ ግራሩ ሥር።

"ምነው ጽጌ፣ አቃጠለሽ እንዴ?" አለችኝ አጠገቤ የነበረችው።

"አይ፣ አንድ ሰው ሸተተኝ" አልኳት።

ሳቁብኝ። ልጆቼም እንደዚሁ ይስቃሉ። እናታቸው ከጸሎትና ከጓዳ ሌላ የምታውቀው ያለ አይመስላቸውም። ጥርሴ ገና እየተነቀለ ሳለ ጥይት ስሞላ እውል ነበር ብላቸው አያምኑም። ያንን አንድ የዝናብ ወቅት እንደማስታውሰው ልጻፈው ያልኩት ለዚህ ነው።

አባቴ ወታደር ነበር። ነገሌ የመጣነው እኔ ጡት ሳልጥል ነው አሉ። ቤታችን ከጦር ሰፈሩ አጥር ውጭ፣ በከተማው መጨረሻ፣ ቀይ አፈር ላይ የቆመች የጭቃ ቤት ነበረች። ከእኛ ወዲያ ግራርና የምስጥ ኩይሳ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት አባቴ ከጓዶቹ ጋር ወደ ጠረፍ ተላከ። መኪኖቹ ሲሄዱ የተነሣው አቧራ ገመድ ላይ በተሰጣው የእማዬ ነጠላ ላይ ዐረፈ። ነጠላውን ሳታጥበው ብዙ ቆየች።

ወንድም የለኝም፣ እህት የለኝም። በአቅራቢያችን ያሉት የወታደር ልጆች ወይ ገና የሚታዘሉ ነበሩ፣ ወይ ተማሪ ቤት የሚውሉ። እኔን እማዬ ለሚቀጥለው ዓመት አቆይታኛለች። ስለዚህ ከቤታችን ጀርባ ካለው ኩይሳ ጋር አወራ ነበር። ዛሬ ምን እንደበላሁ እነግረዋለሁ፤ ምስጦቹ ሲወጡ መልስ የሰጡኝ ይመስለኛል። እማዬ ብዙ አትናገርም። አባቴ ቤት እያለ ዝምታዋ አይታወቅም ነበር፤ እሱ ሲሄድ ቤቱን ሞላው።

በሰፈራችን ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር። ከጠረፍ የወታደር መርዶ ሲመጣ፣ ከከተማው ማዶ ባለው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሦስት ጊዜ ይተኮሳል። አስከሬኑ እዚያው በረሃ ቢቀበር እንኳ በስሙ ይተኮስለታል። መርዶ ነጋሪዎቹ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሰፈር የሚመጡት። ተኩሱ ሲሰማ ሴቶቹ የያዙትን ጥለው ደጅ ይወጣሉ። ነጋሪዎቹ ወደየትኛው ቤት እንደሚታጠፉ ያያሉ።

አንድ ቀን እማዬ ሽሮ ስትነፋ ተተኮሰ። ወንፊቱ ከእጇ ወደቀ። ሰዎቹ በእኛ ደጅ ሳይታጠፉ አለፉ፤ ጩኸቱም ከሌላ ቤት ተሰማ። እማዬ እዚያ ለቅሶ ውላ ስትመለስ መሬት ላይ የቀረውን ሽሮ በእጇ ሰበሰበችና አፈር መሆኑን ስታይ ለዶሮዎቹ በተነችው። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለች፤ ወዲያው ደግሞ "ይቅር በለኝ" አለች። ሁለቱን ለምን አንድ ላይ እንዳለቻቸው የገባኝ እኔም እናት ከሆንኩ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ የገባኝ ሌላ ነበር። ሰውየውን የሚገድለው ያ ተኩስ ይመስለኝ ነበር። ጠረፍ ያለው ሰው በደህና ውሎ፣ እዚህ ሦስት ጊዜ ሲተኮስ እዚያ የሚወድቅ። ማታ ማታ እማዬ ስትጸልይ እኔም ከጎኗ ሆኜ "ጌታዬ፣ ተኩስ አይኑር" እል ነበር።

ጎረቤታችን አባ ጂሎ ይባላሉ። ቦረና ናቸው፤ የጂሎ አባት ማለት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ስማቸውን ስሰማ መነኩሴ መስለውኝ ሮጬ ሄድኩና "አባ፣ ይባርኩኝ" አልኳቸው። ቅር ያላቸው አልመሰሉም። በእጃቸው የነበረውን ካቻቪቴ ግንባሬ ላይ አሳርፈው "ዋቃ ያሳድግሽ፣ ኢንተላ" አሉኝ። ዋቃ አምላክ፣ ኢንተላ ደግሞ ልጅት ማለት ነው። ለእማዬ ስነግራት አባቴ ከሄደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

አባ ጂሎ በጦር ሰፈሩ ግምጃ ቤት ጠመንጃ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። አንድ እግራቸውን ይስባሉ። ልጃቸው ጂሎ ከብቱን ይዞ በዱብሉቅ የውኃ ጉድጓዶች በኩል ስለሚከርም የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ብቻቸውን ነበሩ። በሁለታችን ቤት መካከል ያለው መሬት የእሳቸው ነው፤ ጉልበቱ የእማዬ። ምርቱን ለሁለት ሊካፈሉ ተስማሙ።

መጋቢት ላይ ቦረናዎቹ ጋና የሚሉት ዝናብ ጣለ፤ እማዬም በቆሎ ዘራች። ብዙም ሳይቆይ መሬቱ በሙሉ ተቆፋፍሮ አገኘነው። ያደረገችው ሽኮኮ ናት። እኛ እንደዚያ እንላታለን፤ አፈር የመሰለች፣ ጅራቷ የረዘመ፣ ጉድጓድ ውስጥ የምትኖር ናት። በኋላ እግሯ ቆማ እጆቿን ደረቷ ላይ ስታጣጥፍ የምትጸልይ ትመስላለች። እማዬ የዘራችበትን መስመር ተከትላ ፍሬውን አንድ በአንድ አውጥታ በልታዋለች።

በዚያው ሰሞን የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ታደሰ፣ ከሸዋ በአዶላ በኩል በጭነት መኪና መጣ። ሊወስደን ነው የመጣው። ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ጀመራት።

"አስካለ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ባልሽ የለ፣ ዘመድ የለሽ። ልጅሽ ከምስጥ ጋር ስታወራ አሁን በዐይኔ አየኋት።"

"እየጠበቅኩት ነው።"

"እኛ ጋ ሆነሽ ጠብቂው።"

"ሲመጣ የሚመጣው እዚህ ነው።"

"እስከዚያስ ምን ትበያለሽ?"

"በቆሎዬን።"

"የቱን? ሽኮኮ በልታ የጨረሰችውን?"

እማዬ ወደ ጓዳ ገባችና በጨርቅ የተቋጠረ ዘር ይዛ ወጣች። "ይኼ ቀርቶኛል" አለች። "እዘራዋለሁ። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ቁመቱ ጉልበት ከደረሰ እቀመጣለሁ። ካልደረሰ እከተልሃለሁ።"

"የማን ጉልበት?"

"የጽጌ።"

አጎቴ ሳቀ። "ድሮም ብልጥ ነሽ። ይሁን።" እስከዚያው የከብት ንግድ ልሞክር ብሎ ወደ ያቤሎ ሄደ።

እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ መራመድ ጀመርኩ። ማደጌ አስፈራኝ። አባቴ ሲመጣ ቤቱ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ይታየኝ ነበር፤ ኩይሳው እንደሄድን እንዲነግረው አደራ አልኩት።

እማዬ የቀረውን ዘር ዘራች። አባ ጂሎ እርሻውን በእሾህ አጠሩት፤ ሽኮኮዎቹ በሥሩ ገቡ። ጉድጓዶቹን አጠኗቸው፤ በሌላ በኩል ወጡ። ውሻቸው ተኝቶ ያያቸዋል። አንዲት ሴት መርዝ ያድርጉ ብትላቸው "መርዝ የማንን ልጅ፣ የማንን ጥጃ ያውቃል?" ብለው ተዉት። እማዬን "ለሷ መላ አለኝ፣ ሐሳብ አይግባሽ" አሏት። እሷም መላው ምን እንደሆነ አልጠየቀችም።

በማግስቱ ግራሩ ሥር ቁርበት አንጥፈው ጠመንጃዎች ሲደረድሩ አየሁ። አንዱ የራሳቸው ምንሽር ነው። ሌላው ከጓደኛቸው የተዋሱት ባለ ሁለት አፈሙዝ የወፍ ጠመንጃ። ሦስተኛዋን አውቃታለሁ፤ ሐጂ ኑር ሱቅ ከስኳሩ ጆንያ በላይ ተሰቅላ የምትኖር ቀጭን ጠመንጃ ናት። አንድ የባሕር ማዶ አዳኝ ትቷት የሄደ ሲሆን ለአፈሙዟ የሚሆን ጥይት በአገሩ ስለሌለ የሚገዛት ጠፍቶ ነበር። ሐጂ ኑር ሲያውሷቸው "ጥይት የላትም እኮ አባ ጂሎ፣ ዱላ ናት" አሏቸው። "ጥይቱን እኔ እሠራላታለሁ" ሲሉ ደግሞ "እንግዲያው ውሰዳት። ባዶ ቀለሃዎቿም በዚህ ጣሳ አሉ። እሸቱ ሲደርስ እንዳትረሳኝ" ብለው ሰጧቸው።

እኔ ጠመንጃ ሳይ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

"አባ ጂሎ፣ አይተኩሱ! አባቴ ይሞታል!"

ምንሽሩን አስቀመጡት። "ማን ይገድለዋል?"

"እርስዎ! እዚህ ሲተኮስ ጠረፍ ያለ ሰው ይሞታል።"

አልሳቁም። ጢማቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። እንደዚያ አይደለም ብለው ቢነግሩኝ አላምናቸውም ነበር፤ ያወቁት ይመስለኛል።

"የማትሰማ ጥይትስ?" አሉኝ። "የማትሰማ ጥይት ሰው ትገድላለች?"

አሰብኩ። "አትገድልም።"

"እንግዲያው የማትሰማ እንሠራለን። ዳኛዋ አንቺ ነሽ።"

ከዚያ መምረጥ ጀመሩ። ምንሽሩን አንስተው "ይኼ ለአንበሳ ነው። ሽኮኮዋን ቢመታት ጅራቷም አይገኝ። ጩኸቱን ደግሞ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል" አሉና ወደ ጎን አደረጉት። የወፍ ጠመንጃውን አንስተው "ይኼ ፍንጣሪው ይበተናል፤ ከሽኮኮዋ ጋር በቆሎውን ያጭዳል" አሉ። ቀጭኗን በጭናቸው ላይ አጋደሟት፤ ቃታዋን ሳቡት፣ በአፈሙዟ ወደ ሰማይ አዩ፣ እኔም እንዳይ ሰጡኝ። ውስጧ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ጠመዝማዛ ነበር። "አንድ አንድ ብቻ ነው የምትጎርሰው" አሉ። "ጥሩ ነው። ማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል።"

ጥይቱን መሥራት የጀመርነው ያኔ ነው። የእኔ ሥራ እርሳስ መልቀም ነበር። ወታደሮቹ ተኩስ በሚለማመዱበት ቦታ ከዒላማው ጀርባ የአፈር ቁልል አለ፤ ልምምድ በሌለበት ቀን ዘበኛው "ግቢ፣ ግን እንዳትርቂ" ይለኛል። አፈሩን በወንፊት እየነፋሁ የተጨማደዱትን እርሳሶች በቀሚሴ እይዛቸዋለሁ። አባ ጂሎ በጣሳ ክዳን ያቀልጧቸዋል። እርሳሱ ሲቀልጥ ፊቱ መስተዋት ይሆናል፤ ሲነፋበት ቆዳ ያወጣል። ራሳቸው ከነሐስ በሞረዱት ሁለት ግማሽ ቅርጽ ውስጥ ያፈሱታል፤ ሲከፍቱት እንደ ባቄላ ፍሬ ያለ አረር ጠብ ይላል። እሱን በሰምና በሞራ እናሸዋለን። ሰሙን ከማር ቆራጮች ነው የሚያገኙት። እኔ ግን ሽታው የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ አረሮቹ የተባረኩ ይመስለኝ ነበር።

ባዶ ቀለሃዎቹን በአመድና በሎሚ አጥቤ ፀሐይ ላይ እደረድራቸዋለሁ። እሳት የምትጭረዋን ትንሽ ቆብ ከቂጣቸው የሚያስገቡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ አልነካም። ባሩዱ ሲወጣ ምድጃው ይጠፋል፣ ወሬም ይቆማል። "ወሬ ካለሽ አሁን ጨርሺ" ይሉኛል። አንዳንዴ ወሬ ሳይኖረኝ እፈጥራለሁ፤ የሚሰማኝ ሰው በማግኘቴ።

ባሩዱን በትንሽ የነሐስ ማንኪያ እየሰፈሩ ሲጨምሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ" ይላሉ። ጸሎት መስሎኝ በየመካከሉ "አሜን" እላለሁ። አንድ ማታ ከአቡነ ዘበሰማያት በኋላ እኔም "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ" ስል እማዬ ዞር አለች።

"ምንድን ነው የምትይው?"

"የአባ ጂሎ ጸሎት።"

"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነው እኮ የምትይው" አለች። ከዚያ "እሱንም እግዚአብሔር ይሰማል" ብላ አቀፈችኝ።

የሚያስፈራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የባሩዱ መጠን ትንሽ ስለሆነ ሳያውቁት አንዱ ቀለሃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሊጨምሩ ይችላሉ። ይህ ከሆነ ጠመንጃዋ ፊታቸው ላይ ትፈነዳለች። ስለዚህ ቀለሃዎቹን ቀዳዳ ባለው ሳንቃ ላይ አቁመው አረሩን ከመግጠማቸው በፊት ፀሐይዋ ወደ ውስጥ እንድትገባ ያዞሩታል። ዐይናቸው ደክሟል። እኔ አጎንብሼ ባሩዱ ላይ የወደቀውን ጥላ አንድ በአንድ አያለሁ።

"ጥላው እኩል ነው?"

"እኩል ነው።"

"እንደገና እዪ።"

እንደገና አያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ በትልቅ ነገር ታምኜ አላውቅም።

ድምፅዋን የፈተንነው በማርያም ቀን ነው፤ እማዬና ሴቶቹ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። አባ ጂሎ እርሻው ውስጥ ሆኑ፤ እኔን ቤታችን ደጃፍ ላይ አቆሙኝ። ከሰማሁ እጄን ላነሣ፣ በጣም ከሰማሁ ሁለቱንም። መጀመሪያ ሲተኩሱ ሁለት እጄን አንስቼ ጆሮዬን ያዝኩ። ከባሩዱ ቀነሱ። አንድ እጅ። ደግመው ቀነሱ። እጄን እስከ ትከሻዬ አነሣሁት፤ እያመነታሁ። በመጨረሻ ብዙ ጠብቄ ምንም ሲጠፋ "አባ ጂሎ፣ ይተኩሱ እንጂ!" ብዬ ጮህኩ።

"ተኩሻለሁ!" አሉ።

እውነት ነው፤ አጠገባቸው ሆኖ እንኳ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ያህል ነበር። ግን ባሩዱ ሲቀንስ አረሩም ይደክማል፤ ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ ሽኮኮዋ ወደምትወጣበት ቀርበው ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ መጠበቅ ነበረባቸው። እኔ ከጀርባቸው በሆዴ እተኛለሁ። ጉንዳን እጄ ላይ ሲሄድ አላራግፍም። የእሳቸው ትንፋሽ ይሰማኛል። ከሰው ጋር ሆኖ ዝም ማለት ብቻን ዝም ከማለት ምን ያህል እንደሚለይ ያኔ ነው ያወቅኩት።

የመጀመሪያዋን ሲመቱ አለቀስኩ።

"ምነው? የበቆሎሽን ጠላት አይደል የገደልኩልሽ?"

"ስትጸልይ ነበር።"

"ኤ" አሉ፤ አዎ ማለታቸው ነው። "እኔም አየሁ። ለበቆሎው ነው የምትጸልየው፤ አንቺም ለበቆሎው ነው። ዋቃ ለማንኛችሁ ይስጥ?"

ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርናት። ብዙ ቀን ባዶ እጃችንን ተመለስን፤ አንዳንድ ቀን አገኘን። እማዬ ከቤቷ ሆና ተኩስ ሰምታ አንድም ቀን ቀና አላለችም። በቆሎው ግን በቀለ። ከተረከዜ በላይ፣ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ሆነ። በየማለዳው ሄጄ አጠገቡ እቆማለሁ። እማዬ ስታየኝ "ቀጥ ብለሽ ቁሚ" ትለኛለች። ማጭበርበር አትወድም።

ፋሲካ ሆነ። አጎቴ ታደሰ ከያቤሎ ተመለሰ። በቆሎውን አይቶ "ገና ነው" አለ። ዳግማይ ትንሣኤ ሊደርስ የቀረው ትንሽ ነው። ሽኮኮዎቹ በእርሻው የታችኛው ጫፍ፣ እዚያ ባለው ሸለቆ አፍ ላይ አዲስ ጉድጓድ ቆፍረው ግንዱን ከሥሩ መቁረጥ ጀምረው ነበር። አባ ጂሎ ቀጭኗን ይዘው ወደዚያ ወረዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

ያን ቀን ቀናን። አንዷ ወጣች፤ ተኮሱ፣ ወደቀች። ቀለሃውን አውጥተው ሌላ አጎረሷት። ሌላዋ ብቅ አለች፤ ወደቀች። ደግመው አጎረሱ። ሦስተኛዋም ወደቀች። "ሰዲ!" ብዬ ዘለልኩ።

ወዲያው ከሰፈሩ የሴት ጩኸት ተሰማ።

አባ ጂሎ ከእኔ ቀድሞ ገባቸው። ሸለቆው ድምፁን ተቀብሎ ወደ ከተማው አዙሮት ነበር። የቀነሱት ባሩድ ድምፁን አላጠፋውም፤ ሩቅ አስመሰለው። ሦስት ጊዜ፣ በመካከሉ አንድ ጥይት እስኪጎርስ ያህል ፋታ፣ ቀስ ያለ፣ ከማዶ የመጣ። ልክ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚተኮሰውን መሰለ።

ቀና ስል ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መንገዱ ላይ ወጥተዋል። እማዬ ደጃፋችን ላይ ናት። አላለቀሰችም። አጎቴ ክንዷን ይዟታል፤ እሷ መንገዱን ታያለች። ነጋሪዎቹ አይመጡም። የማይመጡበት ምክንያት ስለማይታወቅ መጠበቁ ባሰ። አንዷ ተቀመጠች። አንዷ የባሏን ስም መጥራት ጀመረች።

እኔ መሬቱ ላይ ቀረሁ። ሦስት ጊዜ ተኩሰናል፤ ተሰምቷል። አባቴ ወድቋል ብዬ ነው ያሰብኩት።

አባ ጂሎ ጠመንጃዋን ጣሉ። የሞቱትን ሽኮኮዎች በጅራታቸው አንጠልጥለው፣ ያንን እግራቸውን እየሳቡ በበቆሎው መሐል ሮጡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

"ናጋ! ናጋ!" ይላሉ። "ሰላም ነው! እኔ ነኝ! ሰው አልሞተም፣ ሽኮኮ ነው! እኔ ነኝ የተኮስኩት!"

ሴቶቹ ወዲያው አልገባቸውም። ቀድማ የጮኸችው፣ ወይዘሮ ተዋበች የምትባለው፣ ተነሥታ ወደ ሽኮኮዎቹ አየች።

"ለዚህች ነው?" አለች። "ለዚህች አይጥ ነው ነፍሴን ያወጧት? አባ ጂሎ፣ እርስዎ ሽማግሌ አይደሉም? ምነው መሬት በዋጠችዎ!" አንዷን ሽኮኮ ከእጃቸው ቀምታ ትከሻቸውን መታቻቸው። ደግማ መታቻቸው። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ሁሉም ሳቁ። እየሳቁ ያለቅሱ ነበር፤ እየተቃቀፉ። ከእነዚያ ሴቶች የአንዳንዶቹ ባሎች ኋላ ሳይመለሱ ቀሩ። የእኔ አባት ተመልሷል። ይህን ሳስብ ምስጋናዬ ድምፅ የለውም።

እኔን ከበቆሎው ውስጥ ያወጣኝ አጎቴ ነው። ተሸክሞኝ ሲመጣ ተቆጥቶ ነበር።

"በቃ አስካለ። ይኼ ኑሮ አይደለም። ለሽኮኮ ተኩስ እንዲህ የምትሆኚ ከሆነ ለእውነተኛው ምን ልትሆኚ ነው? ዳግማይ ትንሣኤ አልጠብቅም።"

እማዬ አባ ጂሎን ነበር የምታየው። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

"ከዚህ በፊትም ተኩሰዋል?" አለቻቸው።

"ከዘራሽ ወዲህ ሁሌ።"

"እኔ ሰምቼ አላውቅም።"

"እንዳትሰሚ ባሩዱን ቀነስኩ። ተኩስ ሲሰማ ምን እንደምትሆኚ አውቃለሁ። ሁላችሁንም አውቃለሁ። ይቺም" አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ፣ "ይቺም ትፈራለች። አላወቅሁም፤ ድምፅ ሲያንስ ሩቅ ይሆናል። በጠመንጃ ሥራ አርጅቼ አላወቅሁም።"

እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች።

"አባ ጂሎ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለች። "ከእንግዲህ ግን ሙሉ ያድርጉት። እኔን የሚገድለኝ ከሩቅ የሚሰማው ነው። እዚሁ በቆሎዬ ውስጥ ከሆነ እዚሁ መሆኑን ልስማው።"

"ይጮሃል እኮ።"

"ይጩህ።"

አጎቴ የዛተውን ትቶ ዳግማይ ትንሣኤን ጠበቀ።

እሑድ አስቀድሰን ዋልን። ሰኞ ጠዋት እማዬ በቆሎዋን ልትኮተኩት ወጣች፤ አጎቴ ከኋላዋ፣ እኔ ከኋላው። "በይ ቁሚ" አለኝ። በመስመሩ መካከል ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አንዱ አገዳ ከጉልበቴ በላይ ነው፤ ጎኑ ያለው በታች። ሽኮኮ የቆረጠችውም አለ። አጎቴ ቁጢጥ ብሎ በመዳፉ መለካት ጀመረ። አንዱን ይለካል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወደ ሌላው ያልፋል። ሐሳቡ ወዴት እንዳዘነበለ ከፊቱ ማወቅ አቃተኝ።

በዚህ መሐል ከታችኛው ጫፍ ጠመንጃዋ ጮኸች። ሙሉ ነበረች። ወፎቹ ከግራሩ ተነሡ፤ እኔ ጆሮዬን ያዝኩ። አጎቴ ታደሰ ወደ ኋላው ሸርተት ብሎ ጭቃው ላይ በቂጡ ተቀመጠ።

እማዬ መኮትኮቻዋን አንስታ ነበር፤ አወረደችው። ደግማ አነሣች፤ አወረደችው።

"አባ ጂሎ ናቸው" አለች ለማንም ሳይሆን።

አጎቴ እዚያው ጭቃ ላይ ተቀምጦ ብዙ ጊዜ አያት። እኔን አላየኝም፣ በቆሎውንም አላየም። እጇን ነበር የሚያየው። በኋላ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ።

"ነገ ወደ አዶላ የሚሄድ መኪና አለ አሉ" አለ።

"ስንቅህን ማታ እቋጥርልሃለሁ" አለችው እማዬ፣ ኩትኮታዋን ሳታቆም።